ወደብ፥ ማደሪያና ከለላ፦ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ሌሊት የሚያርፍበትን ሥፍራ በአማርኛ ስለ መሰየም

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከውኃ ላይ ጉዞ ጋር የተያያዙ ጥቂት ፅንሰ ሐሳቦች በአማርኛ እንዴት ቢሰየሙ እንደሚሻል ማመልከት ነው። የተመረጠው ጉዳይ ጠባብ ነው፤ ይኸውም አንድ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ መልህቁን ጥሎ፥ ነፋስና ማዕበል ሳያናውጠው ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ሥፍራ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የባሕር በር ለሌለው አገር ቋንቋ ትርፍ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን መርከበኞች በባቦጋያ እየሠለጠኑ በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ በጣና ላይም ሰውና ዕቃ በጀልባ ይመላለሳል። የመርከብ ሥራ መመሪያ፥ የመድን ውል፥ የሐይቅ ጉዞ ደንብ ወይም የጉዞ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ፅንሰ ሐሳብ ይመጣል። ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ከተርጓሚው እጅ የሚገባው ቃል «ወደብ» ነው። ጉዳዩ የቃል ውበት ብቻ አይደለም። «በዚህ ወደብ ማደር ይቻላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ጀልባ ነጂ የሚጠብቀው ግንብ፥ ማሰሪያ፥ መብራትና ሰው ነው። ሲደርስ የሚያገኘው ክፍት ውኃና ረግረጋማ ዳር ከሆነ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሌላ ሥፍራ የሚፈልግበት ጊዜ አይኖረውም።

ለማመሳከሪያ የተመረጠው የጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፥ ማለት የፎገራ ሜዳ ነው። በዚህ ዳር የነፋሱ፥ የውኃው ጥልቀት፥ የወለሉና የወቅቱ ጠባይ እያንዳንዱ ለብቻው ጎልቶ ስለሚታይ፥ በአንድ ቃል ተጠቅልለው የኖሩት ፅንሰ ሐሳቦች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ።

1. «ወደብ» የሚለው ቃል ወሰን

«ወደብ» በዛሬው አማርኛ የተሠራና የሚተዳደር ተቋምን ያመለክታል። መርከብ ይጠጋበታል፤ ዕቃ ይራገፍበታል፤ ቀረጥና አገልግሎት ይከፈልበታል። ለዚህ ትርጉም ከሁሉ የላቀው ምስክር ወረታ ነው። የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ ይገኛል። ከተማው ከሐይቁ ዳር ራቅ ያለ ሲሆን፥ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ደረቅ ወደብ አለው። እንግዲህ በወረታ ውኃ የሌለው ወደብ አለ፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ጀልባ ሊያድርበት የሚችል፥ ነገር ግን ወደብ ያልሆነ ሰፊ ውኃ አለ። «ደረቅ ወደብ» የሚለው ሐረግ ለጆሮ ሳይከብድ የተለመደው የ«ወደብ» ትርጉም ከውኃው ይልቅ በሥራው ላይ ስለ ተመሠረተ ነው። ለወደብነት የሚያበቃው የሰው ሥራ ነው፤ ለጀልባ ማደሪያነት የሚያበቃው ግን የተፈጥሮው አቀማመጥ ነው።

አንዳንድ ተርጓሚዎች የግዕዙን «መርሶ» ለማንሣት ያስባሉ። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ በዐረብኛ «መርሳ» ከሚባለውም ጋር ይዛመዳል። በኤርትራ ጠረፍ የምትገኘው መርሳ ፋጡማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ይሁን እንጂ «መርሳ» ሲባል የብዙው አማርኛ ተናጋሪ ሐሳብ የሚሄደው ከባሕር ርቃ ወደምትገኘው የሰሜን ወሎ ከተማ ነው። «መርሶ»ም ቢሆን ከግዕዝ ዐዋቂዎች ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በጨለማ ውስጥ ለሚነበብ መመሪያ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ቃል አይመረጥም።

2. የጊዜ ግሦችና የቦታ ስሞች

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ጊዜ ማሳለፍን የሚገልጹ ግሦች ተራ በተራ ተደርድረው ይገኛሉ፦ ዋለ፥ አመሸ፥ አደረ፥ ሰነበተ፥ ባጀ፥ ከረመ። እያንዳንዱ ግሥ የጊዜውን ልክ በውስጡ ይዟል። ከእነዚህም በተለመደው የስም አመሠራረት መዋያ፥ ማምሻ፥ ማደሪያ፥ መሰንበቻ፥ መባጃ፥ መክረሚያ የሚሉ ስሞች ይወጣሉ። ሌሎች ቋንቋዎች «የሌሊት» የሚል ቅጽል ጨምረው የሚሉትን አማርኛ «ማደሪያ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚጠቅም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያሳያል። ጳውሎስን የጫነችው መርከብ በቀርጤስ «መልካም ወደብ» ወደሚባል ሥፍራ ትደርሳለች። ስሙ መልካም ቢሆንም ክረምቱን ለማሳለፍ እንደማይመች በዚያው ምዕራፍ ተነግሯል፤ የአማርኛው ትርጉምም ለዚህ የተጠቀመበት ግሥ «ከረመ» ነው። ስለዚህ አንዱ ሥፍራ መቆሚያ ሆኖ መክረሚያ ላይሆን ይችላል። በኋላም መርከበኞቹ ወደ ዓለት እንዳይጣሉ ፈርተው አራት መልህቅ ከኋላ ጥለው እስኪነጋ ጠብቀዋል። ያ ሥፍራ መርከቧ የነጋባት ቦታ ነው እንጂ ማደሪያ ሊባል አይችልም። ስያሜያችን እነዚህን ሦስት ሁኔታዎች መለየት ይኖርበታል።

በጣና ላይም አነጋገሩ ይኸው ነው። ለረዥም ዓመታት በየሳምንቱ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይጓዝ የነበረው የሕዝብ ጀልባ በመንገዱ ቁንዝላ ያድር ነበር። «ያድር ነበር» ከማለት ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልግም፤ አድማጩ ጀልባው ምን እንዳደረገ ያውቃል።

«ማደሪያ» ብቻውን ግን ሰፊ ነው። የሰው ማረፊያ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር የመለኮት ማደሪያ አለ፤ በቀድሞው የመሬት ሥሪትም ለአገልግሎት ዋጋ የሚሰጥ መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር። ስለዚህ ገላጭ ያሻዋል። «የመልህቅ ማደሪያ» የሚለው በመጀመሪያ ሲታይ ይስማማል፤ ነገር ግን በአማርኛ «የ» በዚህ ዓይነት ስም ፊት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የግሡን ባለቤት ነው፤ የእንግዳ ማደሪያ እንግዳ የሚያድርበት ነውና። በዚህ አካሄድ የሚያድረው መልህቁ ይሆናል። የሚያድረው ጀልባው ስለሆነ «የጀልባ ማደሪያ» ማለት ይሻላል። በግንብ ታስሮ ከማደር መለየት ሲያስፈልግ ደግሞ «በመልህቅ ማደሪያ» ይባላል።

3. «ከለላ» እና አሳሳቹ ዳር

በትርጉም ሥራ ከሁሉ የበለጠ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ሊ» የሚባል ቃል አለ። ጀልባ በደሴት «ሊ» ውስጥ ነው ሲባል ደሴቱ ከነፋስ ጋርዶታል ማለት ነው። ነገር ግን «ሊ ሾር» ሲባል ነፋሱ ጀልባውን የሚገፋበት ዳር ማለት ነው። በመጀመሪያው አነጋገር መነሻው መሬቱ ነው፤ በሁለተኛው መነሻው ጀልባው ነው። እያንዳንዱ ከራሱ መነሻ አንጻር ነፋሱ የሚሄድበትን ወገን ስለሚያመለክት በዚያ ቋንቋ ግጭት የለም። ይህን ሳይመረምር «ሊ»ን ሁልጊዜ «የተከለለ» እያለ የሚተረጉም ሰው ግን «ከዚህ ዳር ራቅ» የሚለውን ምክር «በዚህ ዳር ተጠጋ» ወደሚል ይለውጠዋል።

ለመጀመሪያው «ከለላ» የሚለው የታወቀ ቃል ይበቃል። ለሁለተኛው «መገፊያ ዳር» እንዲባል እናሳስባለን። «መግፊያ» ከ«ገፋ» የወጣ ሲሆን የሚገፋውን ወይም የሚገፋበትን መሣሪያ ያስመስላል፤ «መገፊያ» ግን ከ«ተገፋ» የወጣ ስለሆነ ተገፍተው የሚደርሱበትን ያመለክታል። ቃሉ ማስጠንቀቂያውን በራሱ ይዟል።

የፎገራ ዳር ይህን ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ ያስተምራል። ቀን መሬት ከውኃ ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ አየር ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል፤ ሌሊት መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከመሬት ወደ ሐይቁ ይመለሳል። የፎገራ ሜዳ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ፥ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ይህን ዳር መገፊያ ያደርገዋል። ጣና በሰፊው ቦታ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ ማዕበሉ የሚያድግበት ርቀት አያጣም። ከመሸ በኋላ ነፋሱ ሲዞር ያው ዳር ጸጥ ይላል። ስለዚህ «ይህ ዳር የተከለለ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰዓትና የነፋስ አቅጣጫ ካልተጨመረበት ትርጉም የለውም። ከዚህም በላይ በክረምት ነጎድጓድ የያዘ ደመና ሲነሣ ነፋሱ ይህን ሥርዓት አይጠብቅም፤ ሌሊቱን ጸጥ ብሎ የጀመረው ሥፍራ እኩለ ሌሊት ላይ መገፊያ ሊሆን ይችላል።

ሌላም መለያየት ያለበት ነገር አለ። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ነፋስ አይጋርድም፤ ነገር ግን ነፋሱ ከመሬት ሲመጣ ማዕበል የሚያድግበት ውኃ አያገኝም። ደንገልም እንዲሁ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ደንገል ማዕበሉን ይሰብራል፥ ነፋሱን ግን ከላይ ያሳልፈዋል። ዓለታማና ደን የለበሰ ደሴት ግን ሁለቱንም ይከለክላል። ስለዚህ «የነፋስ ከለላ» እና «የማዕበል ከለላ» የሚሉት በሁለት ስያሜ ሊቀመጡ ይገባል። ለተኛ ሰው የሚያስፈልገው በተለይ ሁለተኛው ነው።

4. ወለሉ፥ ገመዱና መልህቁ

መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በወለሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚነክስ ነው። ስለዚህ ወለሉ ምን እንደሆነ መናገር የማደሪያ መግለጫ ዋና ክፍል ነው። ለዚህ የገበሬው አማርኛ በቂ ቃላት አሉት። ርብና ጉማራ በፎገራ በኩል ወደ ጣና ሲገቡ የሚያመጡት ልል አፈር ደለል ነው፤ ሜዳውን የሸፈነው፥ ሲረጥብ የሚጣበቀው ጥቁር መሬት ዋልካ ነው። ትኩስ ደለል ለመልህቅ እንደ ገንፎ ነው፤ ይገባበታል፥ ግን አይጸናበትም። ዋልካና የጠበቀ አሸዋ ይይዛሉ። ድንጋያማ ወለል ወይ አያስገባም፥ ወይም መልህቁን ቀርቅሮ ያስቀራል። ሁሉንም «ጭቃ» ወይም «አፈር» ብሎ መተርጎም ለአንባቢው የሚያስፈልገውን ነገር መንፈግ ነው። ለአጠቃላዩ ፅንሰ ሐሳብ «ያዥ ወለል» እና «የማይዝ ወለል» ቢባል ግልጽ ይሆናል።

መልህቅ ከያዘበት ተነቅሎ በወለሉ ላይ ሲሳብ የሚባለውም ግሥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ለቀቀ» የሚለው ሁለት ፊት አለው፦ «መልህቁን ለቀቁት» ሲባል ሰዎቹ ወደ ውኃ ጣሉት ማለት ነው፤ «መልህቁ ለቀቀ» ሲባል ግን አልያዘም ማለት ነው። በአስቸኳይ ትእዛዝ ውስጥ ይህ መምታታት መፈጠር የለበትም። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ጣለ»፥ ለሁለተኛው «ተጎተተ» ተወስነው ቢቀመጡ ይሻላል።

የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ ጋር ያለው ንጽጽርም ስም ይሻል። ገመዱ ሲረዝም መልህቁን የሚስበው ኃይል ወደ አግድም ስለሚቀርብ መልህቁ ይነክሳል፤ ሲያጥር ወደ ላይ ስለሚስበው ይነቀላል። በተለመደው አሠራር ለሰንሰለት ከጥልቀቱ 4 ወይም 5 እጥፍ፥ ለገመድ 7 እጥፍ ያህል ይለቀቃል፤ ጥልቀቱም የሚለካው ከጀልባው አፍንጫ እስከ ወለሉ ነው። ውኃው 3 ሜትር፥ የአፍንጫው ከፍታ 1 ሜትር ቢሆን ለገመድ 28 ሜትር ያስፈልጋል። ጀልባው 8 ሜትር ከሆነ፥ ነፋሱ ሲዞር በመልህቁ ዙሪያ ወደ 36 ሜትር በሚጠጋ ርቀት ክብ ይሠራል ማለት ነው። ለንጽጽሩ «የገመድ እጥፍ»፥ ለክቡ «መዞሪያ» የሚሉ ስሞች ቀርበዋል። ከመዞሪያው ውስጥ ዓለት፥ ጥልቀት የሌለው ውኃ ወይም ሌላ ጀልባ ካለ ሥፍራው ማደሪያ አይደለም። ዳሩ ቀስ እያለ በሚጠልቅበት በፎገራ በኩል ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ በቂ ጥልቀት ለማግኘት ከዳር መራቅ ያስፈልጋል፥ ከዳር በተራቁ መጠን ደግሞ የደንገሉ ከለላ ይቀራል።

5. ታንኳ ለምን ማደሪያ አልጠየቀም?

አንባቢ «በጣና ላይ በታንኳ ሲጓዝ የኖረ ሕዝብ ለዚህ ቃል የለውም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በዕቃው ጠባይ ውስጥ ነው። ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ በሥራውም የወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ እንዲደርቅ ይደረጋል። በመልህቅ ታስሮ ውኃ ላይ የሚያድር ታንኳ ዕድሜው ያጥራል። ለታንኳ የሚያስፈልገው ቃል መሳቢያ፥ ማውጫና ማድረቂያ ነው። ቋንቋው ያልሰየመው ያልነበረውን ነገር ነው፤ ጉድለት የቋንቋው አይደለም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የጣናን ዳርና ደሴቶች በታንኳ እየዞረ ያጠናው በዚሁ ሥርዓት ዘመን ነው።

ከዚህ ጋር «ማሰሪያ» የሚለውን እናንሣ። እንደ ብዙዎቹ በ«መ» እና በ«ያ» የተመሠረቱ ስሞች መሣሪያንም ቦታንም ይገልጻል፤ ገመዱም ማሰሪያ ነው፥ ጀልባው የሚታሰርበትም ማሰሪያ ነው። በመዝገብ «ማሰሪያ ገመድ» እና «ማሰሪያ ቦታ» ተብለው ቢለዩ ጥሩ ነው።

6. «ጸጥታ» እና ወቅት

የውጭ ጽሑፎች «ጸጥ ያለ ማደሪያ» ሲሉ ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ፦ ውኃው አይናወጥም፤ ሰው አይበዛበትም። በአማርኛ የመጀመሪያው «የረጋ» ነው። ሁለተኛውን «ጭር ያለ» ማለት አይመችም፤ ጭርታ ፍርሃትን ያዘለ ነውና። «ጫጫታ የሌለበት» ቢባል ይበቃል። «ሰላማዊ» የሚለው ግን ውኃውን ሳይሆን የአገሩን ሁኔታ የሚናገር ስለሚመስል መወገድ አለበት።

የረጋ ውኃም ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳር የተስፋፋው እምቦጭ ሥሩ ከወለል ጋር ያልተያያዘ ተንሳፋፊ አረም ነው፤ ነፋስ እንደነዳው ይሄዳል። ማታ ንጹሕ የነበረ ሥፍራ ጧት ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በወለል ላይ የበቀለውን ደንገልና ተንሳፋፊውን እምቦጭ «የውኃ ሣር» ብሎ በአንድ ስም መጥራት አይገባም፤ አንዱ ከለላ ነው፥ ሌላው እንቅፋት ነው።

ወቅትም የመግለጫው ክፍል ነው። የጣና ውኃ በሰኔ ገደማ ይጎድላል፤ በመስከረም ገደማ ይሞላል፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት ከ1 ሜትር በላይ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም በውኃው ከፍታ ላይ ድርሻ አላቸው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ የሐይቁና የመሬቱ ወሰን ይጠፋል። «ከዳሩ 200 ሜትር» የሚል መግለጫ በሚያዝያና በነሐሴ አንድ ቦታ አያመለክትም። ስለዚህ ውኃው በዕለቱ የደረሰበትን «ዳር»፥ በጎደለና በሞላ መካከል ያለውን ሰፊ ሥፍራ «ዳርቻ» ብሎ መለየትና ከልኬቱ ጋር ወሩን መጻፍ ያስፈልጋል።

7. የቀረቡት ስያሜዎች

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል፦

ወደብ፦ የተሠራና የሚተዳደር የመርከብ ወይም የዕቃ ማስተናገጃ።
መልህቅ መጣያ፦ መልህቅ እንዲጣልበት የተወሰነ ወይም የሚቻልበት ውኃ፥ ጊዜ ሳይለይ።
መቆሚያ፦ ለጥቂት ሰዓት የሚቆሙበት።
የጀልባ ማደሪያ፦ ሌሊቱን በደኅና የሚያሳልፉበት።
መክረሚያ፦ ወቅቱ እስኪያልፍ የሚቆዩበት።
መጠጊያ፦ ማዕበል ሲነሣ የሚሸሹበት፥ ለማደር ባይመችም።
የነፋስ ከለላ፥ የማዕበል ከለላ፦ እያንዳንዱ ለብቻው።
መገፊያ ዳር፦ ነፋሱ ጀልባውን የሚገፋበት ዳር።
ያዥ ወለል፦ መልህቅ የሚጸናበት።
የገመድ እጥፍ፦ የተለቀቀው ገመድ ከጥልቀቱ ጋር ያለው ንጽጽር።
መዞሪያ፦ ጀልባው በመልህቁ ዙሪያ የሚሠራው ክብ።

እነዚህ ስያሜዎች ሁሉ የተመሠረቱት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ሥፍራው የሚሰየመው በላዩ በተሠራው ነገር ሳይሆን ጀልባው በዚያ በሚያደርገው ወይም በሚደርስበት ነገር ነው። ይህ የአማርኛ የቦታ ስም አመሠራረት የኖረ ጠባይ ስለሆነ አዲስ ነገር አልጨመርንበትም። የተርጓሚው ሥራ ከመነሻው ቋንቋ ስሙን ከመፈለግ በፊት ግሡን መፈለግ ነው፤ ጀልባው ይቆማል? ያድራል? ይጠጋል? ይገፋል? ከተባለ ስሙ ከግሡ ይከተላል። ስያሜዎቹ ወደ መዝገብ ከመግባታቸው በፊት ግን በጣና ላይ ጀልባ በሚነዱ ሰዎች ጆሮ መፈተን ይኖርባቸዋል። በእነርሱ አፍ ያልጸና ቃል በመዝገብ ቢሰፍር የሚጠቅመው የለም።